ጨርቅ የሚታዘዝለት እጄ ወረቀት አቃተው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጉዳዬ ለሰው ሲወራ ቀላል ነው። እኔን ግን ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ሀዋሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የኖርኩት በእጄ ነው፣ ልጆቼንም ያሳደግኩት በእጄ ነው። ሰው ሁሉ "እጇ ወርቅ ነው" ይለኛል። አሁን ሁለት ተለማማጆችም አሉኝ።

የመጨረሻዋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሂሮሺማ ላይ ስለተጣለው ቦምብና ስለ አንዲት ጃፓናዊት ልጅ ተማሩ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ የወረቀት ወፍ እያጠፈ፣ በክር ሰክቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ተስማማ። ኦሪጋሚ ይሉታል። ልጄ በስልኬ ቪዲዮ ከፍታ "እማዬ አብረን እንሥራ" አለችኝ። "አምጪው፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው" አልኳት። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ደማቅ ቀይ ወፍራም ወረቀት ገዛን። ማታ የካውያው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አልን። ወሩ ጥር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰርግ ልብስ ሲያጣድፈኝ ውሏል።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ከዚያ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ አንድ ነገር ብድግ አድርጎ ገለበጠና ነገርዬው ወፍ መምሰል ጀመረ። እኔ ስገለብጠው አይከፈትም። ፈትቼ ደግሜ ሳጥፈው ጫፍ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ነጭ ነጭ ሆነ። እንደምንም ታግዬ አንገቱ ጋ ስደርስ ተቀደደ። ሌላ ወረቀት አነሳሁ፣ እሱም እንደዚያው። ልጄ "እማዬ፣ እንደሱ አይደለም እኮ" ስትለኝ ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ጨምድጄ ወረወርኩና "ይሄ የሥራ ፈት ሥራ ነው! ሂጂ ተኚ!" አልኳት። ተለማማጆቹ ገና አልሄዱም ነበር፤ ሁሉንም አዩ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ብቻዋን ታጥፋለች። እኔ ስገባ ደብተር ትጭንበታለች። አብረን እንሥራ ማለት ቀርቷል። እኔም ሱቅ ውስጥ ሰው የለም ስል ካኪ ወረቀት ቆርጬ ተደብቄ እሞክራለሁ። አሁንም እምቢ ብሎኛል። መስመሩም ማታ ማታ ይደበዝዝብኛል። ስንት ቬሎ የሰፋሁ ሰው አንድ ወረቀት እንዴት ያቅተኛል? እጄ ደክሞ ነው? እያረጀሁ ነው? ልተወው ወይስ ልቀጥል? ልጄንስ ምን ልበላት?

እናት፣ ከሀዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ አንቺ ብዬ ብጽፍልሽ ቅር እንዳይልሽ፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ከሚቀርበኝ ሰው ጋ የማወራ ያህል ተሰምቶኝ ነው። ጉዳዬ ቀላል ነው ብለሻል። ለኔ ቀላል አልመሰለኝም። በእጇ የኖረች ሴት እጇ ሲያሳፍራት፣ ያውም በልጇና በተለማማጆቿ ፊት፣ ያማል።

እጅሽ አልደከመም። ይሄን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ለምን እንደተበላሸ ምክንያቱ ራስሽ በጻፍሽው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቆይቼ አሳይሻለሁ። ግን መጀመሪያ ስለ ልጅሽ እናውራ። እንቅልፍ የነሳሽ ከተቀደደው ወረቀት ይልቅ ደብተር የሚጫንበት ወረቀት ይመስለኛል። ነው አይደል?

ለመሆኑ የተማረችው ታሪክ ምን እንደሆነ ነግራሻለች? ላትነግርሽ ትችላለችና እኔ በአጭሩ ልንገርሽ። ልጅቷ ሳዳኮ ሳሳኪ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የ2 ዓመት ሕጻን ነበረች። ተረፈች፣ አደገች፣ ትምህርት ቤት ገባች። በ1955 የደም ካንሰር ያዛትና ሆስፒታል ተኛች። ጃፓን ውስጥ ሺህ የወረቀት ወፍ ያጠፈ ሰው ምኞቱ ይሰምርለታል የሚል የቆየ እምነት አለ። እሷም ለመዳን ማጠፍ ጀመረች። ወረቀት ሲያጥራት የመድኃኒት መጠቅለያ ሁሉ ታጥፍ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ በ12 ዓመቷ አረፈች። የክፍል ጓደኞቿ በጀመሩት መዋጮ በ1958 ሂሮሺማ ውስጥ በቦምቡ ለሞቱት ሕጻናት ሐውልት ቆመ፤ እስከ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ልጆች የወረቀት ወፍ ይልካሉ።

እንግዲህ ልጅሽ 11 ዓመቷ ነው። ሳዳኮ ስትሞት በ1 ዓመት ብቻ ነበር የምትበልጣት። ልጅሽ ያን ቀን ቪዲዮውን ይዛ ስትመጣ በልቧ ምን ይዛ እንደመጣች እኔ አላውቅም፣ ምናልባት ወፏ ስላማረቻት ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን እንደዚህ ያለ ታሪክ ሰምታ ወደ ቤት የመጣች ልጅ "እማዬ አብረን እንሥራ" ስትል፣ ከወረቀቱ ይልቅ "አብረን" የሚለውን ፈልጋው ቢሆንስ? የሥራ ፈት ሥራ ነው ስትያት የከፋት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ደብተሩን የምትጭንበት አንቺን ጠልታ አይመስለኝም። ይልቅ ደግሞ እንዳትናደጂ ፈርታ፣ ወይም የሷ ሲያምር አይተሽ እንዳይከፋሽ አዝናልሽ ይሆናል። ልጆች እናታቸው ስትሸነፍ ማየት አይወዱም።

ስለዚህ ይቅርታውን አታዘግዪው። ኦሪጋሚውን እስክትችዪው አትጠብቂ፤ ይሄንን በተለይ አደራ እልሻለሁ። ጥሩ ወፍ ሠርቼ አሳያታለሁ፣ ያኔ ይረሳል ብለሽ ተደብቀሽ ስትለማመጂ ቀኑ እየሄደ ነው፣ ልጅቷም የምታውቀው የመጨረሻውን ቃልሽን ብቻ ነው። ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በይ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። "የዛን ቀን የተናደድኩት በራሴ ነው፣ ስላቃተኝ አፍሬ ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ የሥራ ፈት ሥራ ያልኩትም ልክ አልነበረም" በያት። ከዚያ ዝም በይ፣ እሷ ትናገር። ምንም ባትልም ችግር የለም። ቀጥለሽ "እስቲ ስለዚያች ልጅ ንገሪኝ" በያት። ወረቀት እንኳ አታንሺ፣ እሷ ካላነሳች።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተለማማጆችሽ መጀመሪያ ቀን መኪናው ላይ ሲቀመጡ ምን ሆነው ነበር? መርፌ አልሰበሩም? ስፌቱ አልጠመመም? ክሩ ከሥር አልተቋጠረም? ያኔ ምን አልሻቸው? እጅሽ አይረባም ያልሻቸው አይመስለኝም፤ እንደሱ ብትዪ ኖሮ ዛሬ አጠገብሽ አይኖሩም ነበር። ምናልባት "ቀስ በይ፣ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ስፊ" ብለሻቸዋል። ለራስሽ ያልሽውስ? ገና በመጀመሪያው ማታ ወፍ ካልወጣልኝ አልሽ። ደግሞ ስንት ዓመት ሆነሽ፣ ለገንዘብ ያልሆነ፣ ደንበኛ የማይጠብቀው፣ ከዜሮ የሚጀመር ነገር ከተማርሽ? አንድ ሥራ የተካነ ሰው ጀማሪ መሆን እንዴት እንደሚከብድ ይረሳል። ተለማማጆችሽ አዩኝ ብለሽ ያፈርሽበትን ደግሞ እኔ በሌላ በኩል አየዋለሁ። ነገ መጥተው መምህራቸው አዲስ ነገር ከሥር ጀምራ ስትማር ቢያዩ ምን ይጎዳቸዋል?

ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልሽው፣ ሁለቱም ይቻላል። ልጅሽን ይቅርታ ጠይቀሽ "አንቺ እጠፊ፣ እኔ ሻይ አፍልቼ አጠገብሽ ልቀመጥ" ብትያት በቂ ነው፣ ሙሉ እናት ነሽ። ወረቀት ማጠፍ የማንም ግዴታ አይደለም። ግን ተደብቀሽ ካኪ የምትቆርጪ ሰው ነሽ እኮ። መተው የሚፈልግ ሰው ተደብቆ አይሞክርም። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ቀጥዪ ነው፤ ብቻ በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ጠረጴዛ፣ በሌላ ሰዓት፣ ደግሞም ሳትደበቂ።

እሺ፣ ወደ ወረቀቱ ልግባ።

ያቺ ወፍ በጃፓንኛ ጹሩ ትባላለች። ለጹሩ ወፍራም ወረቀት አይሆንም። አንገቷና ጅራቷ ጋ ስትደርሺ ወረቀቱ እየተደራረበ ብዙ ድርብ ይሆናል። ቀጭን ወረቀት ይሄን ይችላል። ወፍራሙ ግን እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው ነጭ ብቅ ይላል። ያየሽው ነጭ ነጭ እሱ ነው። ጃፓኖቹ ለዚህ የሚጠቀሙበት የተለመደው ወረቀት ስስ ሆኖ 15 በ15 ሳንቲሜትር ነው፣ አንዱ ፊቱ ባለቀለም ሌላው ነጭ። እሱን ፍለጋ አትድከሚ። ፎቶኮፒ ቤት የሚሸጠው ተራ ኤ4 ለመማር በቂ ነው። የስጦታ መጠቅለያም ያምራል። ካኪሽም ስስ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቢፈታና ቢታጠፍ ቶሎ አይቀደድም። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ግን ቶሎ ይልሰለሳልና ተዪው።

ቀጥሎ ካሬው። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። አንዱን የላይኛውን ጥግ ይዘሽ፣ አጭሩ ጠርዝ ረጅሙ ጠርዝ ላይ ልክክ ብሎ እስኪተኛ በሰያፍ እጠፊው፣ ከታች የተረፈውን ቁረጪ፤ 21 በ21 ሳንቲሜትር ካሬ ይወጣሻል። ለጀማሪ ትልቅ መሆኑ ደግሞ ይጠቅማል። ከዚያ በሌላኛውም ሰያፍ አጥፈሽ እዪው። ጥግና ጥጉ ካልገጠመ ካሬ አይደለም፣ ሌላ ቁረጪ። ጨርቅ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ብትስቺ ስፌት ውስጥ ትገባልሻለች። ወረቀት ላይ መደበቂያ የለም። መጀመሪያ ላይ የተሳተችው ሁለት ሚሊሜትር እጥፍ በጨመርሽ ቁጥር እየሰፋች ሄዳ መጨረሻ ላይ ምንቃሯን ታጣምምብሻለች። የጨርቅ ክር በአንዱ አቅጣጫ እንደሚታዘዝሽ ሁሉ በማሽን የተሠራ ወረቀትም አቅጣጫ አለው። መስመር ሳታወጪ በአንዱ በኩል ከዚያም በሌላው በኩል ጎበጥ ጎበጥ አድርጊው፣ በአንደኛው ይቀልሻል። ይሄን ያንቺ ጣት ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል።

ሌላው የካውያው ጠረጴዛ ነው። ጨርቅ የተነጠፈበት ነገር ላይ ወረቀት ሲታጠፍ መስመሩ ሹል አይሆንም፣ ወረቀቱ ከሥር ይሰምጣል። የቅድ ጠረጴዛሽ ላይ ሥሪ። መጀመሪያ ጥግን ከጥግ አጋጥመሽ በአንድ ጣት ያዢ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ጎን በጥፍርሽ ወይም በማስመሪያ ጠርዝ ተጫኚው። ሳይገጥም አትጫኚ። አንዴ የተጫንሽው መስመር አይጠፋም፣ ካውያም አያጠፋውም።

አሁን ያቺ እምቢ ያለችሽ ቦታ። "ብድግ አድርጎ ገለበጠ" ያልሽው ጹሩን ከሚሞክሩ ጀማሪዎች ብዙዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ ብቻዬን ነኝ አትበዪ። ወረቀቱ ተሰብስቦ ትንሽ ካሬ ሲሆን አንዱ ጥግ ዝግ ነው፣ ተቃራኒው ጥግ ደግሞ አራት ጫፍ ሆኖ ይከፈታል። የሚከፈተው ጥግ ወደ አንቺ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከሆነ ምንም ብትታገዪ ወፍ አይወጣም፣ ጉልበት ስትጨምሪ ይቀደዳል። "አይከፈትም" ስትዪ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይሄንን ነው። እስቲ ከጨመደድሽው አንዱ ካለ ፈትተሽ እዪው።

አቅጣጫው ልክ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ቀድሞ የሚሠራው መስመር ነው። የላይኛውን ድርብ ግራና ቀኝ ጎን ወደ መሃል መስመር ታጥፊያለሽ። ከላይ የቀረችውን ዝግ ሦስት ማዕዘን ወደ ታች ታጥፊያለሽ። ከዚያ ሦስቱንም ትፈቻቸዋለሽ። እዚህ ጋ ሰው ግራ ይገባዋል፣ አጥፌ ከፈታሁት ምን ጥቅም አለው ይላል፣ ቸኩሎም ያልፈዋል። ግን እነዚያ ሦስት መስመሮች ናቸው ወረቀቱን መንገድ የሚያሳዩት። አሁን ከታች ካሉት ጫፎች የላይኛውን አንዱን ብቻ ይዘሽ ወደ ላይ አንሺው። ከላይ ባለው አግድም መስመር ላይ ይታጠፋል። ጎንና ጎኑ ራሱ ወደ ውስጥ መሰብሰብ ይጀምራል፣ ለትንሽ ጊዜ የጀልባ ቅርጽ ይይዛል፣ እዚያ ላይ አትደንግጪ። አንዳንዱ እጥፍ አቅጣጫውን መቀየር አለበት፣ በጣትሽ ቀስ እያልሽ እርጂው። ጠፍጣፋ ሲሆን ረዘም ያለ ሹል ቅርጽ ታያለሽ። ገልብጠሽ በሌላው ፊት ያንኑ ድገሚ።

አንገቱ ጋ ለተቀደደው ደግሞ አንድ ትንሽ ዘዴ አለች። አሁን ከታች እንደ ሱሪ እግር ለሁለት የተከፈሉ ሹል ጫፎች አሉ፣ አንገትና ጅራት የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ጎናቸውን ወደ መሃል ስታጥፊ የመሃሉን መስመር አታስነኪው፣ የክር ውፍረት ያህል ክፍተት ተዪ። ያቺ ክፍተት ከሌለች እግሩን ወደ ላይ ስትመልሺው ወረቀቱ የሚገባበት ቦታ ያጣና ይቀደዳል። ቪዲዮ ላይ ይሄ ነገር አይታይም፣ የሠሪው እጅ ስለሚሸፍነው።

ስለ ቪዲዮው ካነሳሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ቪዲዮ ጥሩ አስተማሪ ነው ብዬ አላምንም። ይሮጣል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከፊት ለፊት ስለተቀረጹ የሰውዬው ግራ ላንቺ ቀኝ ይሆንብሻል። በሥዕል የተዘጋጀ መመሪያ ይሻልሻል፣ ካንቺ ፍጥነት ጋ ይሄዳል። አኪራ ዮሺዛዋ የሚባል ጃፓናዊ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 2005 የኖረ። ወጣት ሳለ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ እዚያ ለአዳዲስ ሠራተኞች ጂኦሜትሪን ወረቀት እያጠፈ ያስተምራቸው ነበር። በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ እጥፎችን በመስመርና በቀስት ማሳየት ጀመረ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀመው ከሱ የመጣውን ምልክት ነው። ሰረዝ ሰረዝ ብቻ የሆነ መስመር ካየሽ ወደ ራስሽ እጠፊ፣ ሰረዝና ነጥብ የተቀላቀለበት ከሆነ ወደ ኋላ እጠፊ ማለት ነው። ይሄን ካወቅሽ የጃፓንኛ ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልግሽም። የልብስ ቅድ ወረቀት ላይ ያለውን ምልክት የምታነቢ ሰው ይሄ አንድ ምሽት አይፈጅብሽም።

አሁንም ግን ከጹሩ አትጀምሪ። ጃፓን ውስጥ ልጆች ወረቀት ማጠፍ የሚማሩት እናት ወይም አያት ወይም የመዋዕለ ሕጻናት መምህር አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ከቀላል ቀላሉ ተነስተው ነው። አንቺም መጀመሪያ ኩባያዋን ሥሪ። ካሬውን በሰያፍ ለሁለት ታጥፊያለሽ፣ ሁለቱን የጎን ጥጎች እያሻገርሽ ወደ ተቃራኒው ጠርዝ ታጥፊያለሽ፣ ከላይ የቀሩትን ሁለት ጫፎች አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ ትመልሺያለሽ፣ በቃ። ውሃ ብታፈሽበት ለትንሽ ጊዜ ይይዛል። ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ የምትዘል እንቁራሪት። እጅሽ ወረቀቱን ሲለምደው ወደ ጹሩ ተመለሺ። ስትመለሺም ያቺን ብድግ የምትል እጥፍ ብቻዋን እየፈታሽ እያጠፍሽ ተለማመጃት፣ ወፉን ለመጨረስ አትቸኩዪ።

ሰዓቱንም ቀይሪው። በጥር የሰርግ ልብስ ስትሰፊ ውለሽ ማታ አዲስ ነገር መማር ለማንም ይከብዳል። እሑድ ከሰዓት፣ በቀን ብርሃን፣ ስልኩን ልጅሽ ይዛ አንቺ በቃ ስትዪ እያቆመችልሽ ሞክሪው። ወረቀቱ ሲያናድድሽ አስቀምጪና ተነሺ። በሚቀጥለው ቀን ቀጥዪ፣ ወረቀቱ የትም አይሄድም።

መስመሩ ይደበዝዝብኛል ያልሽውን ግን ዝም ብለሽ አትለፊው። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ መድከሙ የተለመደ ነው፣ በመነጽር ይስተካከላል። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር በልምድ ታስገቢያለሽ፣ ጣትሽ መንገዱን ስለሚያውቀው፣ አዲስ መስመር ላይ ግን ዓይንሽን ትፈልጊያለሽ። የጥር ጥድፊያ ጋብ ሲል የዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ። ለወረቀቱ ባይሆን እንኳ ለሥራሽ።

ልጅሽ የዛን ማታ "እንደሱ አይደለም እኮ" ብላሽ ነበር። ምናልባት ልክ ነበረች። ብቻዋን ስታጥፍ ከርማለች፣ አሁን ካንቺ ትሻላለች። ይቅርታውን ካልሻት በኋላ "እስቲ ያቺን እምቢ ያለችኝን አሳዪኝ" በያት። እጇን እዪ፣ አትንኪባት፣ አታርሚያት፤ ይሄ ለልብስ ሰፊ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን የሚወጣው ወፍ ጠማማ ይሁን ቀጥ ያለ ግድ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ያለ አንቺ አይሆንም። ወፎቹ በክር ይሰካሉ ብለሻል። ጃፓኖቹ ሺህ ጹሩ ሲሰቅሉ ብዙውን ጊዜ 40 ወፍ በአንድ ክር አድርገው 25 ክር ይሠራሉ። ያ ሁሉ ወፍ አንድ ላይ ክብደት አለው፣ በተራ ክር ከተሰካ ይበጠሳል፣ ከሥር በደንብ ካልተቋጠረ ደግሞ ተራ በተራ ሾልኮ ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ ይሄን የሚያውቅ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ልጅሽን "መምህርሽን ጠይቂያት፣ የመሰካቱን ሥራ እኔ ልርዳችሁ" በያት። ለጂንስ የምትጠቀሚበትን ጠንካራ ክር ውሰጂ። ከሥር አንድ ቁልፍ እሰሪበት፣ ወፉ እንዳያልፍ። ወፏ ክንፏ ሲዘረጋ ከሆዷ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ይኖራታል፣ መርፌው በዚያ ገብቶ በጀርባዋ ጫፍ መሃል ለመሃል ይውጣ፣ ከዚያ ካለፈ ወፏ ታዘነብላለች። ሰርገኞቹ ልብሳቸውን ሲረከቡ አንድ ከሰዓት ሱቁን ለተለማማጆቹ ትተሽ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደሽ ብትሰኪላቸው ልጅሽ ደስ የሚላት ይመስለኛል። እስኪ ጠይቂያትና ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።